በስምጥ ሸለቆው መንገድ የማስቀመስ ታሪክ፤ ከዝዋይ ወይን እስከ አርሲ ነገሌ አረቄ

በሜዲተራኒያን ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች፥ በባርሴሎና፥ በማርሴይ፥ በኔፕልስ ወይም በአቴና፥ አንድ እንግዳ አገር ለማየት ሲመጣ የሚታይለት ቤተ ክርስቲያንና ሙዚየም ብቻ አይደለም። አንድ መሪ ከፊቱ እየሄደ ከገበያ ወደ ወይን ቤት፥ ከወይን ቤት ወደ ዳቦ ቤት ይወስደዋል። እንግዳው በየደረሰበት ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል፤ መሪውም ወይኑ ከየትኛው ኰረብታ እንደ መጣ፥ አይቡ በምን ዐይነት እጅ እንደ ተሠራ ይነግረዋል። ለዚህም ነገር ገንዘብ ይከፈላል። ዛሬ ይኸው ልማድ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው፥ ይህን የመሰለ ነገር በአገራችን ከምን ተነሥቶ የት ደረሰ የሚለውን ነው። የመረጥነው ስፍራ ከሞጆ ተነሥቶ በዝዋይና በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው መንገድ ነው።

ይህን መንገድ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ 163 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዝዋይ (ዛሬ በይፋ ስሟ ባቱ ነው) ከፈረንሳይ አገር በመጣ ተክል የተተከለ ሰፊ የወይን እርሻና መጭመቂያ አለ። እንግዶች በዚያ እየተመሩ በርሜሉን ያያሉ፤ ከብርጭቆም ይቀምሳሉ። ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲወረድ አርሲ ነገሌ ትገኛለች። በዚህች ከተማ በየግቢው የሚወጣው አረቄ ስሙ በብዙ የአገራችን ከተሞች የታወቀ ነው፤ «የነገሌ ነው» ከተባለ ሻጩ ሌላ ምስክር አይፈልግም። ነገር ግን አስጐብኚ ይዞ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ የሚያልፍ እንግዳ በነገሌ ቢቆም ለነዳጅ ወይም ለምሳ ነው። አረቄው በጀሪካን ታሽጎ በመኪና ጣራ ላይ ተጭኖ ያልፈዋል፤ አይተያዩም። አንዱ መጠጥ እየታየ የሚቀመሰው፥ ሌላው ግን እየተጠጣ የማይታየው ስለምን ነው? የጥያቄያችን ሥር ይኸው ነው። ለማሳሰብ ያህል፥ «እ.ኤ.አ.» ያላልንባቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ «መቅመስ» ቃል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በባሕር ማዶው ሥርዐት የሚቀምሰው እንግዳው ነው፤ የሚቀምሰውም ይወደው ወይም አይወደው እንደ ሆነ ለመለየት ነው። በእኛ አገር የጥንት ሥርዐት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ቀድሞ የሚቀምሰው አስተናጋጁ ነው። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ወይም ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት ከዕቃው ጥቂት በግራ መዳፉ ላይ አፍስሶ በሁሉ ፊት ይጠጣል። ይህንንም በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጐበኙ ብዙ የውጭ አገር መንገደኞች ተደንቀው ጽፈውታል፤ ትርጓሜውም በመጠጡ ውስጥ መርዝ እንደሌለ ማረጋገጥ እንደ ሆነ ገልጠዋል። እንግዲህ ቀማሹ የሚቀምሰው ለምላሱ ሳይሆን ለእንግዳው ሕይወት ነበር ማለት ነው። ዛሬም በገጠር ቤት ባለቤቲቱ ጠላውን ስትቀዳ ራሷ አንድ ጊዜ ጐንጨት ብላ ለእንግዳው ስትሰጥ እናያለን። ምክንያቱ ብትጠየቅ መርዝ አትልም፤ «ወጉ ነው» ትላለች።

በቤተ መንግሥቱ ደግሞ ይህ ወግ ብዙ ሠራተኛ ነበረው። ጠጅ ጣይ አለ፤ ጠላ ጠማቂ አለ፤ የጠጅ ቤት አዛዥ አለ፤ አሳላፊ አለ። ከሁሉ በላይ ለጉዳያችን የሚጠቅመን አጋፋሪው ነው። አጋፋሪ እንግዳውን ከበር ተቀብሎ፥ ማዕርጉን መርምሮ፥ የሚቀመጥበትን ስፍራ የሚያሳይ ሹም ነው። ማን ከማን በፊት ገብቶ ምን እንደሚቀርብለት የሚያውቅ እርሱ ነው። የዛሬው አስጐብኚ ለእንግዳው ስለ መጠጡ ያስረዳዋል፤ አጋፋሪው ግን ለእንግዳው ስለ ራሱ ስለ እንግዳው ያስረዳዋል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም፤ የቀረበለትን ጠጅ አይቶ የራሱን ደረጃ ያውቃልና። የዳግማዊ ምኒልክ ግብር በአዲስ አበባው አዳራሽ ሲገባ በሺህ የሚቈጠር ሰው ተራ በተራ ይበላ እንደ ነበር፥ ለመኳንንቱ የሚቀርበው ጠጅና ለብዙኀኑ የሚቀርበው ጠጅ አንድ እንዳልነበር የታወቀ ነው። የግቢውን ሥርዐት ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ በብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ውስጥ ብዙ ያገኛል። ጠጅ በዚያን ዘመን እንደ ልብ የሚጠጣ ነገር አልነበረም። በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ጠጅ መጣል የንጉሡ ፈቃድ የሚያስፈልገው እንደ ነበር የእንግሊዙ መልእክተኛ ሐሪስ (እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ የነበረው) በጻፈው ላይ እናነባለን።

ታዲያ ነጻ ከሆነው ግብር ወደሚከፈልበት መቅመስ እንዴት ተሻገርን? በዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚተረክ ነገር አለ። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1907 በአዲስ አበባ ሆቴል ባሠሩ ጊዜ፥ ምግብ በገንዘብ ተገዝቶ መብላት ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ሆነባቸው፤ ሰው ወደ ሰው ቤት የሚሄደው ተጠርቶ ነውና፤ ለበላበት መክፈልማ ባለቤቱን መስደብ መሰለ። በዚህ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄደው በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ ይባላል። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ እየተከተሉ ገቡ። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ እየሣቀ ይተርከዋል፤ እኛ ግን ከሣቅ ያለፈ ቁም ነገር እናይበታለን። ንጉሡ በዚያን ቀን አጋፋሪም ቀማሽም ሆነዋል። ቀድመው በልተው ምግቡ እንደማይጐዳ አሳዩ፤ ቀድመው ከፍለውም መክፈል እንደማያዋርድ አሳዩ። በአገራችን በመሪ የተደረገ የመቅመስ ጉብኝት የተጀመረው መቼ ነው ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር ከዚህ የቀደመ አንጠቅስለትም።

ከዚህ ቀጥሎ ነገሩን ያስፋፋው የባቡሩ ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በየጣቢያው ተሳፋሪው ወርዶ የሚያርፍበትና የሚበላበት ቤት አስፈለገ፤ በአዋሽ ጣቢያ ያለው ቡፌ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። በዚህ ንግድ ላይ ግሪኮች፥ አርመኖችና ጣሊያኖች ብዙ ድርሻ ነበራቸው። የሜዲተራኒያን ሰዎች መጠጣቸውን ይዘው ወደ ስምጥ ሸለቆው የወረዱት በዚህ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ የአገራችን ፋብሪካ ጠምቆ የሚሸጠው ኡዞ ስሙም የእንስላሉ ጣዕሙም ከግሪክ አገር የመጣ ነው፤ ጠጪው ግን የአገሩ መጠጥ አድርጎ ተቀብሎታል። ናዝሬትም (ዛሬ አዳማ) በዚሁ ሐዲድ ዳር ያደገች ከተማ ናት።

ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ላይ ግን ሐዲድ አልነበረም። በዚያ በኩል የሐዲዱን ሥራ የሠራው መኪና ነው፤ የጣቢያውን ቡፌ ሥራ ደግሞ በቀለ ሞላ የሚባሉት ነጋዴ ሠሩት። በሞጆ፥ በዝዋይ፥ በላንጋኖ፥ በሻሸመኔ፥ በአርባ ምንጭ በስማቸው የተጠሩት ሆቴሎች ለመንገደኛው የታወቁ ማረፊያዎች ሆኑ። ላንጋኖ ለዋና የሚፈለግ ሐይቅ ስለ ነበረ የውጭ አገር ሰዎችና የአዲስ አበባ ቤተሰቦች በሳምንቱ መጨረሻ ይወርዱ ነበር። በዚያው ዘመን አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪስት መሥሪያ ቤት አቋቁመው የ13 ወር ፀሐይ የሚለውን መጥሪያ አወጡ። ይሁን እንጂ ለእንግዳ የተዘጋጀው ዋናው ጉዞ የሰሜኑ ታሪካዊ መስመር ነበር፤ ባሕር ዳር፥ ጎንደር፥ ላሊበላ፥ አክሱም። ደቡቡ ለመታጠብና ወፍ ለማየት ቀረ። ምግብና መጠጥ ለእንግዳው እንዲደክም የማይፈቀድለት ነገር ሆኖ፥ በሆቴሉ ውስጥ የለመደው ሾርባና ፓስታ ይቀርብለት ነበር። የሸለቆው ሰው ምን ይበላል፥ ምን ይጠጣል ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም።

አሁን ስለ ወይኑ እንናገር። ወይን በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በገሃድ የወይን ጠጅ የሚጠመቀው በንጉሡና በጳጳሱ ቤት እንደ ነበር ጽፏል። በጣና ምሥራቅ በይፋግና በእንፍራዝ የወይን ተክል ይበቅል እንደ ነበርም ኋላ የመጡ መንገደኞች መስክረዋል። ለቅዳሴ የሚሆነው ግን ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቀው ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በ20ኛው መቶ ዓመት የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርን፥ ዱከምን፥ አክሱማይትን ወደ ገበያ አወጣ፤ ለዚሁ የሚሆን ወይንም በአርሲ በመርቲ ጀጁ ይለማ ነበር። እንግዲህ በዚህ አካባቢ የወይን ዘለላ ማየት የዛሬ ዓመት የመጣ ነገር አይደለም። አክሱማይት ጣፋጭነቱ ከጠጅ ስለማይርቅ ሕዝቡ ቶሎ ወደደው፤ የወይን ዐዋቂዎች ግን ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያኮማትራሉ። እኛ በበኩላችን ሕዝቡ ጠጅን መለኪያ አድርጎ ወይንን መመዘኑ ስሕተት አይመስለንም፤ የባሕር ማዶው ሰውም የሌላውን አገር መጠጥ የሚመዝነው በራሱ ወይን ነውና።

የዝዋዩ እርሻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ግድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በቦርዶ የተመሠረተው የካስቴል ኩባንያ ሜርሎ፥ ሲራ፥ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉትን የወይን ዐይነቶች ከፈረንሳይ አምጥቶ ከሐይቁ አጠገብ ባለው አሸዋማ መሬት ላይ ተከለ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ በሚሉ ስሞች ወጡ። እርሻውን ከጅብና ከጉማሬ ለመጠበቅ ዙሪያውን ቦይ ተቈፈረለት። የአየሩም ጠባይ የፈረንሳዩን ሥራ አስለወጠ፤ ምክንያቱም በአውሮፓ ተክሉን የሚያስተኛው የክረምቱ ብርድ ነው፤ በዝዋይ ግን ያን ያህል ብርድ ስለሌለ ተክሉ መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው የገበሬው መግረዣ ነው። ይህን ሁሉ ጐብኚው በሥፍራው ሲሄድ ይነገረዋል። በርሜሉ በተደረደረበት ቀዝቃዛ ቤት ገብቶ፥ ብርጭቆውን አዙሮ፥ አሽትቶ፥ በመጨረሻ ይቀምሳል። በሥርዐቱ ከሜዲተራኒያኖቹ ከተሞች የሚለየው ነገር ቢኖር ወደ ውጭ ሲወጣ የሚያየው ባሕር ሳይሆን የደምበል ሐይቅ፥ የሚሸተውም የተጠበሰ ቆሮሶ መሆኑ ብቻ ነው።

ወደ አርሲ ነገሌ እንውረድ። «አረቄ» የሚለው ቃል ራሱ ወደ ሜዲተራኒያን ይመልሰናል። በዐረብኛ ዐረቅ ማለት ላብ ነው፤ መጠጡም በእሳት ተገፍቶ ጠብ ጠብ እያለ ስለሚወጣ ከላብ ጋር ተመሳሰለ። የሊባኖስ ዐረቅ፥ የቱርክ ራኪ፥ የእኛ አረቄ ከአንድ ቃል የተወለዱ ናቸው። ማውጫው ዕቃ በዐረብኛ አንቢቅ ይባላል፤ እርሱም ከግሪክ የተወሰደ ቃል ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል ካቲካላ እያሉም ይጠሩታል። የጥንቱ ጠላና ጠጅ ለመፍላት እሳት አይፈልግም፤ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። አረቄ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ የነገሌም ጣጣ የሚመጣው ከዚሁ ከእሳቱ ነው።

አወጣጡ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እህሉ፥ ገብስ ወይም ስንዴ፥ በውሃ ተነክሮ እንዲበቅል ይደረጋል፤ ሲበቅል ደርቆ ይፈጫል፤ ይህ ብቅል ነው። የጌሾው ቅጠል ደርቆ ይወቀጣል። ሁለቱ በውሃ ተበጥብጠው በጋን፥ አሁን አሁን ደግሞ በፕላስቲክ በርሜል፥ ጥቂት ቀን ይቀመጣሉ፤ ጥንስስ ይባላል። ከዚያ የበቆሎ ወይም የዳጉሳ ዱቄት እንደ ወፍራም ኪታ ተጋግሮ፥ ተቈራርሶ ይጨመርበታል፤ ይኸውም ድፍድፍ ነው። ድፍድፉ ፈልቶ ሲረጋ በምድጃ ላይ ወዳለው ማውጫ ይገለበጣል። የማውጫው አፍ ይከደናል፤ በክዳኑ በኩል ሸምበቆ፥ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የብረት ቱቦ፥ ይገባል፤ ዙሪያው በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል። የቱቦው ሌላ ጫፍ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይገባል። እንፋሎቱ በቱቦው ሄዶ በዕቃው ውስጥ ቀዝቅዞ አረቄ ይሆናል። ውሃው ሲሞቅ መለወጥ አለበት፤ እሳቱ ሲበዛ ድፍድፉ ያርርና ጠረኑ መጠጡን ያበላሻል፤ ሲያንስ ደግሞ የሚወጣው ውሃ ውሃ ይላል። መጀመሪያ የሚወጣው ብርቱው ነው፤ እየቈየ ይደክማል። ብርቱውንና ደካማውን በምን ልክ እንደሚቀላቅሉ የሚያውቁት አውጪዎቹ ናቸው። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ነው፤ ይኸው እንደገና ሲወጣ ዳግም ይባላል። ጠጅ ከ7 እስከ 14 በመቶ አልኮል ሲኖረው ዳግም አረቄ እስከ 45 በመቶ ይደርሳል።

ይህን ያየነው ከዋናው መንገድ ብዙ ባልራቀ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቲቱን አካባቢው እንደሚጠራቸው አዴ ብለን እንጠራቸዋለን። ጭሱ ዐይናችንን ስላቃጠለን ደጅ ቆመን ልንጠይቃቸው ብንሞክር፥ «ከፈለጋችሁ ግቡ፤ ከውጭ ሆኖ የሚታይ ነገር የለም» አሉን። ገባን። መጀመሪያ በጠብታው ላይ ጣታቸውን አደረጉ፤ ቀመሱ፤ እሳቱን ጥቂት ጐተት አደረጉ። ቀጥለው በትንሽ ዕቃ ቀድተው ጥቂቱን በምድጃው ላይ ረጩት፤ ነበልባሉም ሰማያዊ ሆኖ ተነሣ። «እንዲህ ሲል ለሰው ይሰጣል» አሉ። ከመካከላችን አንዱ በዝዋይ የተማረውን አስታውሶ መለኪያውን በእጁ አዙሮ ለማሽተት ሞከረና ዐይኑ እንባ ሞላ፤ አዴ በጣም ሣቁ። አረቄን ማሽተት አያስፈልግም፤ እርሱ ራሱ ያሸትታል ያሉንን እስከ ዛሬ አልረሳነውም። እኛ ግን ከሣቁ በኋላ ያስተዋልነው፥ በዚያ ግቢ ውስጥ የጥንቱ ሥርዐት እንዳለ መሆኑን ነው። ቀድሞ የሚቀምሰው ሰጪው ነው። እንግዳው መጠጡን አይፈትንም፤ አውጪዋ ራሷ ፈትና ታቀርብለታለች።

ይህ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ባል የሞተባቸው፥ የተፈቱ፥ መሬት የሌላቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ያስተማሩበት፥ ቤት የሠሩበት ሥራ ነው። ከአረቄው በኋላ የሚተርፈው አተላ ለከብት ማድለቢያ ይሸጣል፤ ስለዚህ የአረቄው ገበያና የከብቱ ገበያ የተያያዙ ናቸው። ብቅል ሻጭ፥ ጌሾ ነጋዴ፥ እንጨት ተሸካሚ፥ ጀሪካን ጫኝ ሁሉ ከዚህ ይበላል። ከተማዋን ያቆማት መንገዱ ነው ቢባል፥ መንገዱ ጫኝና አውራጅ እንዲኖረው ካደረጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ አረቄው ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩ ይጐድላል። አረቄ የአርሲ ኦሮሞ የጥንት መጠጥ አይደለም። አርሲ ከ1874 እስከ 1879 ዓ.ም. በተደረገው ብርቱ ጦርነት ወደ ምኒልክ መንግሥት ከመግባቱ በፊትም በኋላም፥ የዚህ አገር ሰው ክብሩ ከብት፥ የእንግዳ መቀበያውም ወተት ነው። እንግዳ ሲመጣ የረጋ ወተት፥ ጩምቦ፥ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ጩኮ ይቀርብለታል። ከዚህም በላይ ከገጠሩ ሕዝብ አብዛኛው እስላም ስለ ሆነ የሚያሰክር መጠጥ አይነካም። ስለዚህ ነገሌ የምትታወቅበት ነገር በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ከማይጠጣው ነገር ነው። አረቄው የመንገድ ልጅ ነው ብንል ይሻላል፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች በተሰበሰቡባት የመንገድ ከተማ ተወልዶ፥ በመንገዱ ላይ ተሰራጨ። አንድ ሰው በነገሌ የመቅመስ ጉብኝት ላዘጋጅ ቢል ጩምቦውንና ጩኮውን ትቶ በአረቄው ብቻ ቢጀምር የአገሬውን ግማሽ ትቶ እንደ ሄደ ይቈጠራል።

ሁለተኛው ነገር እሳቱ ነው። አረቄ ማውጣት ብዙ እንጨት ይበላል። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ባለው ተረተር ላይ የሙኔሳ ደን አለ፤ ወደ ምዕራብ ሲወረድ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ፓርክ የግራር ምድር ነው። ሁለቱም በመጥረቢያና በከሰል ተጐድተዋል። የደን ተማሪዎችና ምሁራን የነገሌን የአረቄ ምድጃ ከእንጨቱ ፍጆታ ጋር እያያዙ ማጥናታቸው በከንቱ አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ የመጠጡ ጉዳት ነው፤ ማለዳ በባዶ ሆድ መለኪያ ጨብጠው የሚቀመጡትን ሰዎች ያየ ሰው ስለ አረቄ ምስጋና ብቻ ሊጽፍ አይችልም። እኛም አንጽፍም።

ሆኖም ይህ ሁሉ በመጀመሪያ ያነሣነውን ጥያቄ አይመልስም። ወይንም ያሰክራል፤ የወይን እርሻም ውሃ ይጠጣል፤ ነገር ግን ይጐበኛል። ልዩነቱ የሚገኘው በስም ጉዳይ ላይ ይመስለናል። የፈረንሳይ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጡት ሕግ የአንድ አካባቢ ወይን በዚያ አካባቢ ስም እንዲጠራ፥ ሌላው ያን ስም እንዳይወስድ አድርገዋል። ቀማሹ በየከተማው የሚመራው በእነዚህ ስሞች ነው፤ አስጐብኚውም የሚናገረው ያገኘው ከስሙ ጀርባ ካለው ታሪክ ነው። እኛም ብንሆን የዚህን ጥቅም አናውቅም አይባልም፤ መንግሥታችን ስለ ይርጋ ጨፌ፥ ስለ ሲዳሞና ስለ ሐረር ቡና ስሞች ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማምቷል። የነገሌ አረቄ ግን በቃል የሚዞር ስም እንጂ በወረቀት የሰፈረ ስም የለውም። ሌላ ቦታ የወጣ አረቄ «ነገሌ» ተብሎ ቢሸጥ የሚከስ የለም። ውሃ ቢጨመርበት፥ ከዚያም የከፋ ነገር ቢቀላቀልበት፥ ስሙ የሚጐድፈው የነገሌ ሴቶች ነው። በአንጻሩ ከቦርዶ የመጣው የወይን ተክል የሸለቆውን ስም በጠርሙሱ ላይ ለጥፎ ወደ ውጭ አገር ይወጣል። የዝዋዩን ሥራ ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምንለው፤ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ ወይኑም ጥሩ ነው። የምንለው፥ የሸለቆው ስም የተሰጠው ለእንግዳው ሆኖ የቤቱ ልጅ ያለ ስም መቅረቱን ነው።

በጠጅ ላይ የሆነውንም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር በሸለቆው ከተሞች እየበዛ ሄደ፤ በብዙ ጠጅ ቤቶችም ማሩ በስኳር እየተተካ የስኳር ጠጅ የሚባል ነገር ተለመደ። ይህን የሚከለክል ስም ስላልነበረ ሁለቱም ጠጅ ተብለው በአንድ ዐይነት ብርሌ ይቀዳሉ። ማርና ስኳሩን ለይቶ የሚያውቅ ጠጪ አሁንም አለ፤ ነገር ግን በዕድሜ እየገፋ ነው።

በአዲስ አበባ የውጭ እንግዶችን በእግር ከምግብ ቤት ወደ ምግብ ቤት እየመሩ ክትፎውን፥ ሽሮውን፥ ቡናውን የሚያስቀምሱ አስጐብኚዎች ተነሥተዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ጠጅ ቤትም ይገባሉ። ይህ ልማድ ወደ ስምጥ ሸለቆው መንገድ ቢወርድ በነገሌ ምን ያገኛል ብለን አዴን ጠይቀናቸው ነበር። ጥያቄው ብዙ አላስደሰታቸውም። ሰው መጥቶ ምድጃቸውን ቢያይ አይጠሉም፤ ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው። «ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ይጠይቃል፤ ይጽፋል፤ ይሄዳል። እንጨቱ ውድ ነው፤ ጭሱ ዐይኔን አጠፋው። ጭስ የማያወጣ ምድጃ የሚያመጣ ሰው ቢኖር እርሱን አስቀምሰዋለሁ፤ ገንዘብም አልቀበለውም» አሉን።

እኛም የምናመጣው ምድጃ አልነበረንም። ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን። በአውራ ጐዳናው ዳር ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ቆሞ ነበር፤ ረዳቱ ጣራው ላይ ወጥቶ ቢጫ ጀሪካኖችን ከታች እየተቀበለ ይደረድራል። የአንዱ ክዳን ላልቶ ኖሮ ጥቂት ፈሰሰበት፤ መዳፉን ላሰና ክዳኑን አጠበቀ።